ሦስተኛው ሂድ

ሚያዝያ 8 ቀን 2017፣ ረቡዕ

አፉ የእኔ ነው፣ እጁ የራሕማ። መጀመሪያ ይሄ ይጻፍ።

እኔ ሙመድ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ሠላሳ ስምንት ዓመት እዚሁ ድሬ፣ ሸማንደፈር፣ የባቡሩ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የፉርጎ ጎማ በመዶሻ እየመታሁ የተሰነጠቀውን ከደህናው በጆሮዬ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደህና ብረት ሲመቱት ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል። የተሰነጠቀው ያስላል። ከእኔ ጆሮ ያመለጠ ስንጥቅ የለም። ፊደል የቆጠሩት አለቆች ወረቀት ላይ ከመፈረማቸው በፊት የእኔን ፊት ነበር የሚያዩት።

ደብተሩን የሰጠችኝ ኑርሀን ናት፣ የወጣቶች ጉዳይ ላይ የምትሠራዋ ልጅ። ዛሬ ቢሮዋ ስሄድ አራተኛዬ ነው። የምላት አንድ ነገር ነው። ሰፈራችን ጡረታ የወጣ ባለሙያ ሞልቷል፣ ከግድግዳ ጥላ ጋር እየዞረ የሚቀመጥ። ሥራ ያጣ ልጅም ሞልቷል፣ ከዚያው ግድግዳ ማዶ። አንዱን ሽማግሌ ለአንዱ ልጅ ስጡት። ከቀበሌው ጀርባ ባዶውን የቆመ የቆርቆሮ መጋዘን አለ፣ እሱን ክፈቱልን። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

እሷም ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን የተጻፈ ነገር ከሌለ ወደ ላይ የማሳልፈው የለኝም አለች። አንድ ልጅ ለሙከራ ያዝ፣ የምታደርጉትን አስጽፍ፣ መጥተን እናያለን። ከመሳቢያዋ ደብተር አወጣች።

ራሕማ ልጄ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ ማታ እግሯ አብጦ ነው የምትገባው። ቢሆንም ትጽፋለች። ያልኩትን እንዳልኩት። ስትጨርስ መልሳ ታነብልኛለች። ከራሷ ከጨመረች አውቃለሁ።


ሚያዝያ 10፣ አርብ

ልጅ ተገኘ። ዛኪር ይባላል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከጁምዓ በኋላ እናቱ ራሷ ይዛው መጣች። ዳሃቦ ናት፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠዋ፣ ሳቢያን ነው ቤቷ። ልጁ ቀን ቀን የሰው ባጃጅ ይነዳል፣ ባጃጁ ሲበላሽ ይተኛል።

እሱ ውጭ ሲቆም ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። የእድሜ እኩዮቹ በታህሪብ፣ በድብቅ ስደት እየሄዱ አልቀዋል፣ በጅቡቲ አድርገው፣ በጀልባ። "ስልኩ ላይ ባሕር እያየ ነው የሚተኛው፣ አዴሮ" አለችኝ፤ አዴሮ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

እኔ ጋ ያለ ልጅ የትም አይሄድም አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው ያልኩት። ጻፊው።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ጀመርን። ግቢዬ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የአህያ ጋሪ ዘንግ አቀናለሁ፣ የበር ብረት እበይዳለሁ፣ ከጀልዴሳ ድረስ ጋሪ ያመጡልኛል። ልጁ ምን ልሥራ አለኝ። ተቀመጥ፣ ስማ አልኩት። ለአንድ ሳምንት መዶሻ አይነካም።

ጫት መሸጫዋ ጋ የሚቀመጡት ጎረምሶች ሲያወሩ ሰማሁ። ሽማግሌው የሚያጫውተው ፈልጎ ነው ይላሉ። ልጁም ሰምቷል። ሳቀ። አብሯቸው ይሁን በእነሱ አልለየሁም።


ሚያዝያ 15

አርፍዶ መጣ። ሙቀቱ ነው ይላል። ለእኔም ሙቀት ነው።


ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ዛሬ የመጀመሪያውን ሂድ አልኩት።

ይሄን ለቢሮው በደንብ ጻፊ፣ እነሱ አያውቁትምና። ሸማንደፈር ወርክሾፕ ውስጥ አዲስ ልጅ ሦስት ጊዜ ይባረራል። አንደኛው መዶሻ በነካ ቀን ነው። ሁለተኛው ከአለቃው ጋር ቃል በተመላለሰ ቀን። ሦስተኛው ሥራውን የቻለ ቀን፣ ገና አሁን ቻልኩ ሲል። "ሂድ፣ ቤትህ ግባ" ይባላል፣ ሰው ፊት። ምክንያት አይነገረውም። ና ተመለስ የሚለው የለም። ሦስቱንም ጊዜ በራሱ እግር የተመለሰ ሰው ይሆናል፤ በሦስተኛው ማግስት ጠዋት አለቃው የገዛ መዶሻውን ያወርሰዋል። ያልተመለሰ ደግሞ ድሮም አልነበረም።

የእኔ አለቃ ሀናድ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ተመልሻለሁ። ማንም አልለመነኝም። እንዲያውም አስታውሳለሁ፣ በተባረርኩ ማግስት ስነቃ እናቴ ሸሚዜን አጥባ አስጥታው ነበር፣ ተነስ ዛሬም ሂድ አለችኝ። ምንም ሳልነግራት። የተባረርኩ መስሎ አልታያት ይሆናል። ብቻ የተመለስኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ዛኪር ወደ ማጠቢያው ስሄድ ጠብቆ መዶሻውን አነሳ። ሂድ አልኩት። ስልኩን አንስቶ ሄደ።


ሚያዝያ 21

ተመለሰ። ረፋድ ላይ ነው ግን ተመለሰ።

ራሕማ ማታ "አባ፣ እየሳቅክ ነው" አለችኝ። አልሳቅኩም።


ግንቦት 1፣ አርብ

ልጁ ጆሮ አለው። ይሄን ለእሱ አልነገርኩትም፣ ለደብተሩ ግን እናገራለሁ። ጆሮ የሚሰጥ አላህ ነው፣ እኔ የምሰጠው ትዕግሥት ነው። ብረቱን በመዶሻ ይነካና አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ዘንበል ማለቱን እኔ አላሳየሁትም። ከራሱ ነው።

ከሰዓት ሌሎቹን ሽማግሌዎች ልይዝ ወጣሁ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው፣ አየነው የሚባለው ሰው እሺ አለ፣ መጋዘኑ ከተከፈተ። ፋራህ ጋ ሄድኩ። ፋራህ ከእኔ በኋላ ነው ሸማንደፈር የገባው፣ ሞተር ነበር የሚሠራው። የጫት በርጫ ላይ ነበር፣ ሰው ሞልቶ። ጉዳዩን ዘርዝሬ ስጨርስ "አንተ ደግሞ መቼ ነው ልጅ አሳድገህ የምታውቀው?" አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ጉንጭህን ያሳበጠው ጫት ነው ወይስ ምቀኝነት አልኩት። የባሰ ተሳቀ። ቢሆንም ወጥቼ መንገድ ላይ ነገሩ ተከተለኝ።

ኢስማዒልን ለማለት ከሆነ ይሄ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ኢስማዒል ወንዱ ልጄ ነው። ይሄው ግቢ ውስጥ ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር። ጅቡቲ ከሄደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል። ለራሕማ ይደውላል። የእኔም ስልክ ይሠራል።

ይሄኛውን አትጻፊ።


ግንቦት 11፣ ሰኞ

ሁለተኛውን አልኩት። ዛሬ ስልኩን አምጥቶ፣ በጆሮ የሚለይ የቀረው አንተ ብቻ ነህ አዴሮ፣ ውጭ አገር ስንጥቅ የሚያይ ማሽን አለ፣ ይኸው ተመልከት አለኝ። ማሽኑ ሲበላሽ ማን ያየዋል አልኩት። ሌላ ማሽን ብሎ መለሰልኝ። ፈጣን ነው። ሳቄ መጥቶ ነበር። ሂድ፣ ቤትህ ግባ አልኩት።


ግንቦት 12

አልመጣም። ከሰዓት ዳሃቦ መጣች፣ ከገበያ ቀጥታ፣ ዘምቢሏን እንደያዘች። ልጄ ምን አጠፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ አለችኝ። የባለሙያ ነገር ነው፣ አንቺ አታውቂውም አልኳት። እኔው ልምታው፣ ንገረኝ ብቻ አለች። አልነገርኳትም። ከተነገረ ምኑን ተፈተነ። ትንሽ ቆማ ሄደች።


ግንቦት 13

መጣ። ፈጅር ሰግጄ ስወጣ በር ላይ ቁጭ ብሏል።


ግንቦት 25፣ ሰኞ

ኑርሀን ቀን ቆረጠች። ሰኔ 4 ይመጣሉ፣ እሷና ሁለት ሰዎች ከበላይ። ካዩት በኋላ ነው የመጋዘኑ ነገር የሚወሰነው። ወረቀት ላይ ጣቴን አስነካችኝ። ቀለሙ እስካሁን አለቀቀም።


ግንቦት 29፣ አረፋ

ዛኪር ከእናቱ ሥጋ ይዞ መጣ። በር ላይ ጓደኞቹ ቆመው ሲጠሩት እኔ ውስጥ ነኝ፣ ግን ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። የሳዶ ልጅ ኦቦክ ደርሷል፣ ባሕሩ ዳር፣ እኛም ከበዓሉ በኋላ ነን፣ አንተስ አሉት። ዛኪር "እኔ ሥራ ይዣለሁ" አለ። አንዱ የቱን ሥራ፣ ደወል መምታት ነው አለው። ሳቁ። እሱ ግን ደገመው። ሥራ ይዣለሁ አለ።

ሲገባ ሥጋው ጨው በዝቶበታል አልኩት።


ሰኔ 4፣ ረቡዕ

በደንብ ጻፊ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።

ስድስት የጋሪ ዘንግ ደርድሬ ቀለም ቀባኋቸው፣ ማታውኑ፣ ልጁ ሳያይ። አንዱ የተሰነጠቀ ነው፣ እንደ ፀጉር፣ በዓይን አይታይም። ኑርሀን መጣች፣ ሁለቱ ሰዎች መጡ፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል። ዳሃቦም መጥታ በር ላይ ቆመች፣ ከገበያ ትንሽ ሰዓት ለምና። ልጁን፣ የተሰነጠቀውን ለየው አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ጨፍን ያለው የለም። አንዱን መታ፣ ሁለተኛውን መታ፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ አንገቱን ዘንበል አደረገና መዶሻውን አስቀመጠ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን አልመታም። እሱ ነው አለ። እሱ ነበር።

አጨበጨቡ። ኑርሀን፣ ፕሮጀክታችን አንተ ነህ ዛኪር አለችው፣ ፎቶ አንሺው እሱን ብቻውን አቆመው። እኔን ከጎኑ ቁም ያለኝ አልነበረም። ይሄ ምንም አላለኝም። ዳሃቦ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እኔ ተነስቼ "ይሄ ልጅ ብረት አይሰማም። ግምት ነው። ሂድ፣ ቤትህ ግባ" አልኩት።

ልጁ እኔን አየኝ። እስከ ዛሬ ሲባረር ስልኩን አንስቶ ነበር የሚወጣው። ዛሬ መጀመሪያ መዶሻውን ከመሬት አንስቶ መቀጥቀጫው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ። ከዚያ ወጣ። እናቱ ተከተለችው። ኑርሀን ምን ሆነሃል አዴሮ አለችኝ። ነገ ታያላችሁ አልኳት።

ሦስተኛው ነው። እንዲህ ዓይነት ሦስተኛ ወርክሾፑም አይቶ አያውቅም። የሀናድን መዶሻ ከሳጥን አውጥቼ ዘይት ቀባሁት። ነገ ጠዋት እጁ ላይ አደርገዋለሁ፣ አንድ ቃል ሳልናገር።


ሰኔ 5

ከፈጅር በፊት በሩን ከፈትኩ። አልመጣም። ሁለተኛውም ጊዜ አንድ ቀን አሳድሯል።


ሰኔ 6

ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ ይመጣል ብዬ ነበር።


ሰኔ 7

አልመጣም።

ስልኩ ላይ ራሕማ ደወለች። ጥሪ አይቀበልም ትላለች የስልኩ ሴትዮ። ደግመሽ ደውዪ አልኳት። ደግማ ያንኑ አለች።


ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዳሃቦ መጣች። አልተቀመጠችም። ልጁ አርብ ሌሊት ነው የሄደው፣ ከጓደኞቹ ጋር፣ በጠረፉ፣ በደወሌ በኩል። የባጃጁን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሶ፣ የእሷን ውሃ ቀድቶ፣ ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልቶ ሄደ።

ሦስተኛው ነበር ልላት ፈለግኩ። መዶሻውን ላሳያት ፈለግኩ። እሷ ግን እየተናገረች ነበር። እዚህ የማስጽፈው ያለችውን እንዳለችው ነው፣ አልቀነስኩም።

"ቤት ገብቶ ምን አለኝ መሰለህ፣ አዴሮ? አልተቆጣም። ብቆጣለት እንኳን ተይ አለኝ። አዴሮ ሙመድ ስለ ብረት ከማንም በላይ ያውቃል፣ አይሰማም ካለ አልሰማም ማለት ነው አለኝ። አመነህ።"

ከዚያ ሄደች። መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ዓይኗ ሥር። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።


ሰኔ 10

ፖሊስ ጋ ሄድኩ። መዘገቡት። ሌላ ቢሮ ሄድኩ። እነሱም መዘገቡት። ስንተኛ ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ የዛሬው ብቻ ከሆነ ሰባተኛ ነው አለኝ መዝጋቢው፣ ቀና ሳይል። የደወሌ መኪና የሚነሳበት ሄድኩ። ፎቶ አለህ አሉኝ። የለኝም። ፎቶው ያለው ኑርሀን ጋ ነው፣ ያ ሰውዬ ያነሳው። እሷ ስብሰባ ላይ ናት።

መልካ ጀብዱ ድረስ ሄጄ የሚያልፉ የጭነት ሹፌሮችን ጠየቅኩ። አንዱ፣ አባቱ ነህ አለኝ። አይደለሁም አልኩ። ታዲያ ምኑ ነህ አለኝ። ቀጣዩን መኪና አስቆምኩ።


ሰኔ 11

ምንም የለም። አትጻፊ።


ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ፋራህ ጋ ሄድኩ። የበርጫው ሰዎች ሳይሰበሰቡ፣ ረፋድ ላይ፣ ብቻውን ሲሆን። ሊስቅብኝ ይችላል፣ ይሳቅ ብዬ ነው የሄድኩት።

ሦስተኛውን ሂድ አልኩት፣ አልተመለሰም አልኩ።

"ማታውን ቤቱ ስትሄድ እናቱ ምን አለችህ?" አለኝ።

የምን ቤት አልኩት።

አየኝ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እንደ ሕፃን አስቀምጦ ነገረኝ፣ እኔ ደግሞ ለራሕማ እነግራለሁ፣ እሷ ትጽፈው።

ልጅ የሚባረረው ቀን ነው። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ አለቃው ልጁ ቤት በር ላይ ያልፋል። አይገባም፣ አይቀመጥም። እናቱን ይጠራና ሁለት ቃል ይነግራታል፤ "ነገም ላኪው"። ልጁ አያውቅም። እሷ ሸሚዙን ታጥባለች፣ በጠዋት ትቀሰቅሰዋለች፣ ዛሬም ሂድ ትለዋለች። ልጁ በራሱ እግር የተመለሰ ይመስለዋል። ሦስቱንም ጊዜ እንዲህ ነው። አለቃው በር ላይ ሳይደርስ ያደረ ሦስተኛ ሂድ የለም።

ማን ነገረህ አልኩት። ሁላችንንም ይነግሩናል አለኝ። አንድ ሰው መጀመሪያ ልጅ ሲሰጠው አሮጌዎቹ ለብቻው ይዘውት ይህን ይነግሩታል፣ ከዚያ በፊት አይነገርም፣ ከተነገረ ይበላሻልና። ፋራህ ወርክሾፑ ውስጥ ስምንት ልጆች አሳድጓል። "ለአንተ ልጅ አልተሰጠህም፣ ሙመዴ። የልጁን ቅጽ የሚሞላው አለቃው ስለነበረ። ማን ይንገርህ?"

እውነቱን ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ልጅ አልተሰጠኝም። ጆሮ ያለው ሰው ለልጅ እያሳየ ጊዜ አያጥፋ ነው የሚሉኝ እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ለኑርሀንም ብያታለሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ነበር።

ከዚያ ፋራህ፣ ሀናድ እናትህ በር ላይ ሦስት ጊዜ መጥቷል፣ ራሱ ነው ያወራልን አለኝ። አንዴ ዝናብ ላይ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ፣ ድልድዩን ዞሮ ነው የመጣው።

ሃምሳ ስድስት ዓመት በራሴ እግር የተመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ራሕማ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ጻፊ አልኳት። የምትለው ነገር ነበራት፣ አስቀድሜ ይሄን ልበል አለች። "አባ፣ ኢስማዒል ሲሄድ እናታችን ሞታ ነበር። በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ብትነግረኝ እኔ እልከው ነበር።"

አዎ፣ ኢስማዒልንም ሂድ ብዬዋለሁ። ሦስተኛው ነበር። ከእኔ የተሻለ ብየዳ የበየደ ቀን። ሦስት ሳምንት በሩን ከፍቼ ጠበቅኩት፣ ልጄ ኩራተኛ ሆነ ብዬ ዘጋሁት።

ያለችውንም ጻፊው። የተባለ ነው።


ሰኔ 16፣ ሰኞ

ሳቢያን በባጃጅ ሄድኩ። የዳሃቦን ቤት አላውቀውም ነበር፤ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ሁለት ወር ከእኔ ጋር የዋለ ልጅ ቤት።

በር ላይ ቆምኩ። ግባ አለች፣ አልገባሁም። ወግ ነው። ቃሉን ነገርኳት። ነገም ላኪው አልኳት። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ፣ ግን ያልተባለ ነገር ነበር። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፣ ብረት እንደሚሰማ፣ ከእኔ በልጦ እንደሚሰማ። በሩን ተደግፋ ሰማችኝ። ምን ትላለህ አንተ ሰውዬ አለች፣ ቀስ ብላ። "ያኔ ዘምቢሌን ይዤ ስመጣ ይሄን ማለት አቅቶህ ነው?"

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ከዚያ ነገረችኝ። ትናንት ደውሏል፣ በማያውቁት ሰው ስልክ። ኦቦክ ነው። ባሕሩ ነፋስ አለበት፣ ጀልባው ነፋሱ እስኪበርድ ይጠብቃል። ድጋሚ ከደወለ ትነግረዋለች። ከደወለ።

ዛሬ ድሬ ላይ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ሙቀቱ አናት ይመታል። ባሕሩ ላይ ግን ይንፈስ ብዬ ዱዓ አደረግኩ።


ሰኔ 18

ኢስማዒል ከኦቦክ ባሕር ማዶ ነው ያለው። በጀልባ ግማሽ ቀን አይሞላም አለች ራሕማ። ደውዪለት አልኳት። ደወለች፣ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ከዚያ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። አላልኳትም ነበር።

ድምፁ ወፍሯል። "አባ" አለ። ስለ ልጁ ነገርኩት፣ ስሙን፣ ቁመቱን፣ አንገቱን ዘንበል ማድረጉን። ፈልግልኝ አልኩት። ካገኘሁት ምን ልበለው አለኝ።

ነገ ይምጣ በለው አልኩ።

"ይሄን ብቻ?" አለ።

ሌላም ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ስልኩን ለራሕማ መለስኩላት። ባትሪው ሞቀ አልኳት።


ሰኔ 20፣ አርብ

ኑርሀን ራሷ ደወለች። ተፈቅዷል። መጋዘኑ ይከፈታል፣ የሦስት ቀበሌ ልጆችና ሽማግሌዎች ይመዘገባሉ፣ ደብተሩን ለናሙና አምጣ አለች፣ ሐሙስ ስብሰባው ላይም ትናገራለህ። ስለ ዛኪር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ፎቶው ሪፖርቱ ሽፋን ላይ ወጥቷል አለች።


ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ተናገርኩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ ከፊት አየነውና ፋራህ ተቀምጠዋል። ስለ ፕሮግራሙ ብዙ እንድል ጠብቀው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት። ልጅ የሚቀበል ሰው መጀመሪያ የእናቱን በር ይወቅ። በሩን ሳያውቅ መዶሻ አያስነካው። እኔ ሳላውቅ ተቀብዬ ነው አልኩ፣ ልጁም የለም።

አንድ ወረቀት የያዘ ሰው፣ ጥሩ ነጥብ ነው፣ የቤት ለቤት ጉብኝት ብለን እናስገባዋለን አለ። ጻፈው። አጨበጨቡ። ፋራህ አላጨበጨበም። ሲያልፍ ትከሻዬን ያዘኝ።

የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጡኝ። ከባድ ነው፣ የድሮ ቁልፍ። ኪሴን ቀደደው።


ሰኔ 29፣ እሑድ

ኢስማዒል ኦቦክ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ሁለተኛውን ጊዜ ሥራ ትቶ ነው። ዛኪርን አላገኘም። የሳዶን ልጅ ግን አገኘው፣ ታሞ ቀርቶ። ረቡዕ ማታ ነፋሱ ጋብ ሲል ሁለት ጀልባ ወጥቷል አለው። ዛኪር አንዱ ላይ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ለእናቱም አልደወለም። እኔ ቁልፉን ከተቀበልኩ ወዲህ ሁለቱንም ጠዋት ከመጋዘኑ በፊት የግቢዬን በር ነው የከፈትኩት።

ነገ ኑርሀን ደብተሩን ትወስዳለች። ራሕማን እስከ ሰኔ 4 ያለውን ስጫት፣ የቀረውን ገንጥለሽ አስቀሪው አልኳት። አይሆንም አለች። ቅጠሎቹ መሐላቸው ላይ የተሰፉ ናቸው፣ ከኋላ አንዱን ስትገነጥል ከፊት ሌላው ተነቅሎ ይመጣል። አሳየችኝ። እውነትም ያኛው ይላቀቃል፣ ልጁ በመጣ ቀን የተጻፈው።

ይውሰዱት። እንዳለ።

ከመስጠታችን በፊት ግን ይሄን ገጽ በስልክሽ አንሺውና ለኢስማዒል ላኪለት። እሱ ያነባል፣ ትምህርት ቤት የላክሁት እኔ ነኝ። ደውዪለት አላልኩሽም። ስደውል ሌላ ነገር ነው ከአፌ የሚወጣው።

ኢስማዒል። ከእኔ የተሻለ የበየድክ ቀን ሂድ አልኩህ። ማታውን በሩ ላይ ቆሜ ለእህትህ መናገር ነበረብኝ። እንደዚያ እንደሚደረግ የነገረኝ አልነበረም፣ አሁን አውቄያለሁ። በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ እሷም ከፊቴ ናት።

ራሕማ፣ ነገም ላኪው።

መልሳ አነበበችልኝ። የጨመረችው የለም።